የአደራ ደሴት፦ የናውሩ አገር አጭር ታሪክ

ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እየተከተለ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህች አጭር ጉዞ ውስጥ የደጋውን ብርድ ተሰናብቶ የወይና ደጋውን ሙቀት ይቀበላል፤ ከስድስት መቶ ሜትር የሚበልጥ ከፍታም ይወርዳል። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ግን ዳር ድንበሯ ሁሉ ከዚህ መንገድ የሚያንስ አንዲት ነጻ አገር ትገኛለች። ዙሪያዋን የሚዞረው መንገድ 19 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የቆዳ ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛው ሥፍራዋም ከባሕር ወለል በላይ 70 ሜትር ገደማ ነው። ስሟ ናውሩ ይባላል።

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የዓለም ካርታ ናውሩ ብትገኝ እንኳ ከነጥብ አትበልጥም። የጂኦግራፊ መምህሩ በጣቱ ጫፍ ሊያሳያት ቢሞክር ጣቱ ራሱ ይሸፍናታል። «እንግዲያው የዚህች ነጥብ ታሪክ ለወሎ አንባቢ ምን ይረባዋል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ መልስ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ቃሉም አደራ ነው። በአገራችን አደራ የተቀበለ ሰው ከራሱ ንብረት አስበልጦ ይጠብቃል፤ «አደራ በላ» ከመባል የከፋ ስድብም የለም። የናውሩ ታሪክ በአደራ ስም የተወሰደ መሬት ታሪክ ነው። ከዚህም በላይ አደራ ተቀባዩን በፍርድ አደባባይ ለመጠየቅ በተደረገው የረጅም ዘመን ትግል ውስጥ የኢትዮጵያም ስም ይገኛል።

ከዚህ በታች የባሕር ማዶውን ታሪክ የሚመለከቱት ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ በአገራችን አቆጣጠር የተጻፉት «ዓ.ም.» በሚለው ተለይተዋል።

ምድሪቱና ሕዝቧ

ናውሩ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ብቸኛ ደሴት ናት። የቅርብ ጎረቤቷ ባናባ የምትባለው ደሴት ስትሆን እርስዋም ብትሆን በስተምሥራቅ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ምድሪቱ የተሠራችው ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጡራን በዘመናት ውስጥ ከገነቡት ድንጋይ ነው። በባሕሩ ዳርቻ ኮኮናትና ፓንዳነስ የሚበቅሉበት ጠባብ ለም መሬት ይዞራታል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ሲወጣ ጠፍጣፋው ከፍተኛ ምድር ይገኛል። ቡዋዳ በሚባለው ሥፍራ አንዲት ትንሽ ሐይቅ አለች፤ ነዋሪዎቹ የዓሣ ጫጩቶችን ከባሕር እያመጡ በሐይቋ ውስጥ በማሳደግ ይመገቡ ነበር።

ሕዝቡ በአሥራ ሁለት ነገዶች የተከፈለ ሲሆን የነገድ ውርስ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነበር። ዛሬም በሰንደቅ ዓላማቸው ላይ ያለው ኮከብ አሥራ ሁለት ጫፍ ያለው ይህንኑ ለማስታወስ ነው። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ረጅም ክንፍ ያላቸውን የባሕር ወፎች አጥምዶ ማላመድ የተከበረ የጎልማሶች ጨዋታ ነበር። በሁለት እጅ ጣቶች መካከል ክር እየወጠሩ ልዩ ልዩ ሥዕል የመሥራት ጥበባቸውም በፓስፊክ ሕዝቦች ዘንድ ከታወቁት ሁሉ እጅግ የረቀቀ ነው ይባልለታል። ብረት ባልነበራትና የውሃ እጥረት በሚደጋገምባት ደሴት ላይ የኖረ ሕዝብ ከአንድ ገመድ ይህን ያህል ጥበብ ማውጣቱን የሥነ ጥበብ ሰዎቻችን ልብ ሊሉት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1798 ጆን ፈርን የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ በአጠገቧ ሲያልፍ ልምላሜዋንና የሰዎቿን ትሕትና አይቶ «ደስ የምታሰኝ ደሴት» የሚል ስም ሰጣት። አፄ ዮሐንስም በ1870ዎቹ ዓ.ም. የዛሬዋ ደሴ በተቆረቆረችበት ሥፍራ ሰፍረው ሳለ «ደስታዬ» ለማለት ደሴ እንዳሏት በትውፊት ይነገራል። ሁለቱን ስሞች ደስታ ያገናኛቸዋል። ልዩነታቸው ደሴን የሰየማት የአገሯ ሰው መሆኑና ናውሩን የሰየማት ግን ገና ሳይወርድባት ከመርከቡ ላይ ሆኖ ያያት ባዕድ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓሣ ነባሪ አዳኞች፣ ከመርከብ የኮበለሉ ሰዎችና ነጋዴዎች ተከታትለው መጡ፤ ከእነርሱም ጋር ጠመንጃና አረቄ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1878 የተነሣው የነገዶች ጦርነት አሥር ዓመት ቆየ። የሕዝቡ ቁጥር ከ1400 ገደማ ወደ 900 ገደማ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1888 ጀርመን ደሴቲቱን የግዛቷ አካል አደረገችና ጠመንጃውን ሰበሰበች። ጦርነቱ ቆመ፤ ነጻነቱም አብሮ ቆመ።

የበሩ ድንጋይ

በአውስትራሊያ ከተማ በሲድኒ፣ በፓስፊክ ደሴቶች ይነግድ በነበረ አንድ ኩባንያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በሩን ከፍቶ ለመያዝ የሚያገለግል ድንጋይ ነበር። ከናውሩ የመጣ ነው። አልበርት ኤሊስ የተባለው የኩባንያው ሠራተኛ ድንጋዩን ደጋግሞ ካየው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1899 ወስዶ መረመረው፤ እጅግ የጠራ የፎስፌት ድንጋይ ሆኖም አገኘው።

ፎስፌት ማለት እህል ሥር ሰድዶ ፍሬ እንዲያፈራ ከሚያስፈልጉት ዋና ዋና ምግቦች አንዱን፣ ፎስፎረስን፣ የያዘ ማዕድን ነው። ዛሬ የደሴ ዙሪያና የቃሉ ገበሬ ለዘር ጊዜ በሚሸከመው የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ያለው ዋነኛ ነገር ይኸው ነው። የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ አፈር ፎስፎረስ የጎደለው በመሆኑ ለስንዴያቸውና ለበጎቻቸው ግጦሽ ይህ ድንጋይ ከወርቅ የሚስተካከል ነበር። የማዕድን ቁፋሮው ውል እ.ኤ.አ. በ1906 ተዋውሎ በ1907 የመጀመሪያው ጭነት ወጣ። ለመሬቱ ባለቤቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፈለው ለአንድ ቶን ግማሽ ፔኒ ያህል ነበር።

ቁፋሮው እንዴት ይካሄድ እንደነበረ መገንዘብ ያስፈልጋል፤ የኋላው ክስ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና። ፎስፌቱ የተከማቸው እንደ ግንብ በቆሙ የኮራል ዓምዶች መካከል ነው። ቆፋሪው በመጀመሪያ ዛፉንና የላዩን አፈር ይገፍፋል፤ ቀጥሎ በዓምዶቹ መካከል ያለውን ፎስፌት ጠርጎ ያወጣል። ሥራው ሲያበቃ የሚቀረው አንዱ ከሌላው የማይገናኝ፣ ሰው የማይራመድበት፣ ዘር የማይበቅልበት የሾለ የድንጋይ ጫካ ነው። ጥቂት አፈር የተረፈው በባሕሩ ዳርቻ ባለው ጠባብ ቀለበት ላይ ብቻ ነው።

ቅዱሱ አደራ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1914፣ የአውስትራሊያ ወታደሮች ደሴቲቱን ከጀርመን ነጠቁ። ጦርነቱ ሲያበቃ የተቋቋመው የመንግሥታት ማኅበር ከተሸናፊዎቹ የተወሰዱትን ቅኝ ግዛቶች «ማንዴት» በሚባል አዲስ ሥርዓት አደላደላቸው። በማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 22 መሠረት ራሳቸውን ገና አልቻሉም የተባሉ ሕዝቦች ደኅንነትና ዕድገት የሥልጣኔ ቅዱስ አደራ ተብሎ ተሰየመ። ከአደራዎቹም መካከል ዝቅተኛው «ሐ» ደረጃ ነበር፤ በዚህም ውስጥ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ምዕራብ ሳሞአ፣ ኒው ጊኒ፣ በጃፓን እጅ የገቡ ደሴቶችና ናውሩ ተመደቡ።

አንባቢ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ማኅበሩ ናውሩን በአደራ የሰጠው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1920 ነው። ብሪታንያ፣ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ ግን የደሴቲቱን ፎስፌት የሚከፋፈሉበትን ውል የፈረሙት በሐምሌ 1919 ነው። ለብሪታንያ 42 በመቶ፣ ለአውስትራሊያ 42 በመቶ፣ ለኒው ዚላንድ 16 በመቶ። ስለሆነም አደራው ከመሰጠቱ በፊት ንብረቱ ተከፋፍሎ አልቆ ነበር ማለት ነው። ሦስቱ መንግሥታት የኩባንያውን ድርሻ በሦስት ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ገዝተው የብሪታንያ ፎስፌት ኮሚሽነሮች የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። መሥሪያ ቤቱም ድንጋዩን ከዓለም ገበያ ባነሰ ዋጋ ለአገሮቹ ገበሬዎች ያቀርብ ጀመር። የናውሩ ሕዝብ በዚህ ሁሉ ውስጥ አልተጠየቀም።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1920 በአገራችን «የኅዳር በሽታ» ተብሎ የሚታወቀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ናውሩ ደርሶ ከሕዝቧ አምስተኛውን እጅ ያህል ገደለ። ነዋሪዎቹ እንደ ሕዝብ ለመዝለቅ ቁጥራቸው 1500 መድረስ አለበት ተብሎ ታሰበ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 26 ቀን 1932 ይህን ቁጥር የሞላ ሕፃን ተወለደ። ቀኑ «አንጋም» ተብሎ እስካሁን በየዓመቱ ይከበራል፤ ወደ ቤት መመለስ እንደ ማለት ነው። አንድ ሕዝብ የአንድ ሕፃን መወለድን የብሔር በዓል ሲያደርግ ምን ያህል ወደ መጥፋት ተቃርቦ እንደነበር ይመሰክራል።

ኢትዮጵያ ወደዚሁ የመንግሥታት ማኅበር የገባችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። የገባችው እንደ ናውሩ በአደራ ተሰጥታ ሳይሆን እንደ ነጻ መንግሥት ነበር፤ ሆኖም እርስዋም ማኅበሩን አምናለች። እምነቱ ምን እንዳስከተለ የደሴ ሰው ያውቀዋል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በከተማይቱ ሳሉ የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበት ሆስፒታልም አልተረፈም። ሚያዝያ 7 ቀን የጠላት ጦር ደሴ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ አቤቱታቸውን ባሰሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ።

እዚህ ላይ ታሪክ አንድ የሚያስገርም ነገር ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1938 የማኅበሩ ምክር ቤት አባላት ለኢጣልያ ወረራ ዕውቅና መስጠትን ለየመንግሥታቱ ፈቃድ በተዉበት ጊዜ ከብዙኃኑ ጋር ያልተባበሩት ቦሊቪያ፣ ቻይና፣ ሶቭየት ኅብረትና ኒው ዚላንድ ነበሩ። የኒው ዚላንዱ ልዑክ ዊሊያም ጆርዳን ለኢትዮጵያ የቆመው በሙሉ ልብ ነው፤ ውለታውም ሊረሳ አይገባም። ይሁን እንጂ በዚያው ወቅት የኒው ዚላንድ ገበሬ መሬቱን የሚያዳብረው ከናውሩ በርካሽ በተጫነ ድንጋይ ነበር። ይህን የምናነሣው ያን መንግሥት ለመውቀስ አይደለም። ፍትሕን ለሩቅ አገር መናገር በእጅ ባለው አደራ ላይ ከመፈጸም እንደሚቀል ለማስታወስ ብቻ ነው።

ስደትና መመለስ

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1940 የጀርመን የጦር መርከቦች የደሴቲቱን የፎስፌት መጫኛ ደበደቡ። በነሐሴ 1942 ደግሞ ጃፓን ያዘቻት። ወራሪዎቹ በ1943 ሠላሳ ዘጠኝ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በጀልባ አሳፍረው በባሕር ላይ ፈጇቸው። 1200 ያህል ናውሩዎችንም ለጉልበት ሥራ ትሩክ ወደሚባሉት ሩቅ ደሴቶች አጋዙ። ከእነዚህም መካከል በረሃብ፣ በበሽታና በድብደባ ከሦስት አንድ የሚበልጡት አለቁ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1946 ወደ አገራቸው የተመለሱት 737 ብቻ ነበሩ።

ከተመላሾቹ አንዱ ሀመር ደሮበርት የተባለ መምህር ነበር። በመንግሥታት ማኅበር ምትክ የተተካው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደሴቲቱን በ1947 ለእነዚያው ለሦስቱ መንግሥታት በሞግዚትነት በሰጠበት ጊዜ፣ ይህ ሰው የሕዝቡን ጥያቄ ማደራጀት ያዘ። ቁፋሮው ምድሪቱን ለኑሮ እንዳትበቃ እያደረጋት ስለሄደ ሞግዚቶቹ ሕዝቡን በአውስትራሊያ ጠረፍ በምትገኘው በከርቲስ ደሴት ለማስፈር ሐሳብ አቀረቡ። ናውሩዎች በ1964 አልተቀበሉትም። በዚያ ቢሰፍሩ የአውስትራሊያ ዜጎች ይሆናሉ፤ ሕዝብነታቸው ግን ይቀራል። የተራቆተች አገራችን ከለመለመ የሰው አገር ትሻለናለች አሉ።

ነጻነታቸውን ያወጁት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1968 ነው። ቀኑን የመረጡት ከትሩክ የተመለሱበት ቀን ስለሆነ ነው። ደሮበርት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። የፎስፌቱን ድርጅት በ21 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገዝተው ከ1970 ጀምሮ በእጃቸው አደረጉት። ከገዛ ምድራቸው ለሚወጣው ድንጋይ የከፈሉት ዋጋ ይህ ነበር።

የራስ አደራ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስለ በዳይና ተበዳይ ብቻ በተናገርን ነበር። እውነተኛ ታሪክ ግን ከዚህ በላይ ይጠይቃል። ከነጻነት በፊት የተቆፈረው የፎስፌቱ መሬት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ የቀረውን ራሳቸው ናውሩዎች ቆፈሩት።

በ1970ዎቹ ዓመታት የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ከዓለም ከፍተኞቹ አንዱ ነበር። ግብር አይከፈልም፤ ትምህርትና ሕክምና በነጻ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ የልጅ ልጆች የሚተዳደሩበት ሀብት እንዲቀመጥ የፎስፌት አደራ ገንዘብ የሚባል ተቋም ቆመ። ዓላማው መልካም ነበር። ዳሩ ግን ገንዘቡ የደሴቲቱ ሰዎች በቅርብ በማይቆጣጠሩት ሩቅ ሥራ ላይ ፈሰሰ። በሜልቦርን ከተማ በ1977 ባለ 52 ፎቅ ሕንፃ ተሠራ፤ ከሕዝቡ ቁጥር ጋር የማይመጣጠን የአየር መንገድ ተቋቋመ፤ በ1993 በለንደን የታየና የከሰረ ሙዚቃዊ ቴአትር ሳይቀር ወጪው ተሸፈነ። ጉድለቱ በብድር ሲሞላ ብድሩ በዕዳ አለቀ። ባለ 52 ፎቁ ሕንፃ በ2004 ተሸጠ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ አውስትራሊያ በባሕር የሚመጡባትን ጥገኝነት ጠያቂዎች የምታቆይበት ጣቢያ በናውሩ ተከፈተ፤ በ2008 ተዘግቶ በ2012 እንደገና ሥራ ጀመረ። ድንጋዩ ያለቀባት አገር ቦታዋን ማከራየት ግድ ሆነባት። አርሶ የሚበላበት መሬት የሌለው ሕዝብ በመርከብ የሚመጣ የታሸገ ምግብ ስለሚመገብ የስኳር በሽታ ተስፋፋበት።

የውጭ አደራ በላተኛ ምድሪቱን አራቆተ፤ የውስጡም አደራ ጠባቂ የቀረውን ሀብት በወጉ አልጠበቀም። ኃላፊነት የተቀበለ ሁሉ፣ የአንድ ቀበሌ ማኅተም የያዘውም ቢሆን፣ ይህን የታሪኩን ክፍል ደግሞ ሊያነበው ይገባል።

ሁለት ክሶች በአንድ ፍርድ ቤት

አደራ ተቀባይ በሕግ ይጠየቃል ወይ? ይህን ጥያቄ በዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ፊት ካነሡት መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በነበሩበት መብት፣ ደቡብ አፍሪካ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ላይ የተቀበለችውን አደራ በዘር መድልዎ አፍርሳለች ሲሉ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1962 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ሐምሌ 18 ቀን 1966 ግን ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅም ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተባለ። ፕሬዚዳንቱ ሰር ፐርሲ ስፔንደር ይባላል፤ የአውስትራሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ብያኔው በአፍሪካና በእስያ ብርቱ ቁጣ ቀሰቀሰ። በጥቅምት ወር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን አደራ ሻረ። ናሚቢያም እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 1990 ነጻ ወጣች።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 1989፣ ናውሩ ራሷ በዚያው ፍርድ ቤት በአውስትራሊያ ላይ ክስ አቀረበች። የሲሪላንካው የሕግ ሊቅ ክሪስቶፈር ዊራማንትሪ የመራው አጣሪ ኮሚሽን ማስረጃውን አሰናድቶ ነበር። ክሱ ከነጻነት በፊት የተቆፈረው መሬት እንዲጠገን የሚጠይቅ ነው። አውስትራሊያ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ሊያይ አይገባውም ብላ ተከራከረች፤ ፍርድ ቤቱ ግን ሰኔ 26 ቀን 1992 ዋናውን ክርክር ውድቅ አደረገው። በ1993 አውስትራሊያ ከፍርድ ውጭ ተስማምታ 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ቃል ገባች፤ 57 ሚሊዮኑ ወዲያው፣ የቀረው በሃያ ዓመት። ብሪታንያና ኒው ዚላንድም እያንዳንዳቸው 12 ሚሊዮን አዋጡ።

ሁለቱ ክሶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ስለ ሰዎች መብት፣ ሌላው ስለ መሬት። ነገር ግን ሁለቱም የተነሡት ከአንድ የ«ሐ» ደረጃ አደራ ነው። ኢትዮጵያ በር አንኳክታ የተመለሰችበትን ደጅ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ አሥር ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ያላት ደሴት አስከፈተችው። በየትምህርት ቤቱ የዓለም ታሪክ የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩ፣ «ትንሽ አገር ምን ታመጣለች» ለሚለው አነጋገር በቂ መልስ ይሆናል።

ከማይባር ሐይቅ ዳር

የተከፈለው ገንዘብ የሾሉትን ዓምዶች ወደ አፈር አልመለሰም። የተቆፈረውን መሬት የማቅናት ሥራ የተጀመረው በጥቂት ሥፍራ ነው። አፈር ለመሠራት ብዙ ሺህ ዓመት ይፈጅበታል፤ ለመጥፋት ግን የአንድ ትውልድ ዕድሜ ይበቃዋል።

ይህን ለማወቅ ፓስፊክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ በስተደቡብ በማይባር ሐይቅ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ የምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባካሄዱት በዚያ ጥናት ዝናብ በጣለ ቁጥር ከተዳፋቱ እርሻ የሚታጠበው አፈር በየጊዜው ይለካ ነበር። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተፈተነው የወሎ ገበሬ በየተራራው ጎን እርከን የሠራው ያን የሚሄደውን አፈር ለማስቀረት ነው። የእኛ አፈር በመርከብ ተጭኖ አልሄደም፤ በጎርፍ ነው የሚሄደው። ከአገር የወጣ ግን በምንም ይውጣ ወጥቷል።

ከሐረጎ አናት ላይ ቆሞ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ የሚመለከት ሰው፣ በዓይኑ ሥር ከሚታየው መሬት አንድ ጥግ የምታህል አገር እንዳለች፣ ሕዝቧም የተራቆተችውን ደሴት ለለመለመች የሰው አገር አልለውጥም እንዳለ ያስታውስ። ከአያቶቹ የተረከበው መሬትም የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ያስብ። አደራ ነውና።